አያቷ አረንጓዴ የሆኑባት ሰዓሊ

የምሠራው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ባለ አንድ የፎቶና የህትመት ቤት ነው። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሰዓሊ ትልቅ ፍሬም ታቅፋ ገባች። የአያቷን የድሮ ባለቀለም ፎቶዎች ስካን አስደርጋ፣ ሌላ ቦታ በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር) አሳትማ፣ ሸራ ላይ በኮላ ለጥፋቸዋለች። በዙሪያቸው የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በአክሪሊክ ቀለም ሥላለች። ሥራውን የገዛት ካፌ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቅሎት ከርሞ መለሰባት።

"ጋሼ፣ እዩልኝ እስቲ፤ አያቴ አረንጓዴ ሆኑብኝ" አለች።

እውነቷን ነው። ፍሬሙን ፈታነው። እንጨቱ ሸፍኖት በነበረው ቀጭን ጠርዝ ላይ የነጠላቸው ጥለት ቀዩ ፍም ይመስላል። ከዚያ አንድ ጣት ፈቀቅ ሲሉ ቀይ የሚባል የለም። አክሪሊኩ ግን ንክች አላለም።

እሷ ያተሙላት ሰዎች ቀለሙን በውሃ ያቀጠኑት መስሏት ተናዳለች። እንደዚያ አልነበረም። ባለ ታንክ የፎቶ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት ዳይ በሚባለው ቀለም ነው። ዳይ ፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ስለሆነ ብርሃን በቀላሉ ይሰብረዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ደግሞ ማጀንታው፣ ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ፣ ነው። ማጀንታ ሲጠፋ የሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሌላው የፕሪንተር ቀለም፣ ፒግመንት፣ ግን ደቃቅ ጠጣር ቅንጣት ነው። ብርሃን ላዩን ቢጎዳውም ውስጡ ይቆያል። በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባለው ጋዝም ዳይን ያጠቃል፤ ቶሎ በሚደርቀው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። የጅማ ክረምት እርጥበትም አለ፤ ዳይ እርጥበት ሲያገኝ ጠርዙ ይፈሳል።

መስታወት ቢገባለትስ አለች። ተራ መስታወት በዓይን ከማይታየው የፀሐይ ጨረር፣ ከአልትራቫዮሌቱ፣ የተወሰነውን ብቻ ነው የሚያስቀረው። በዓይን የምናየው ብርሃን ራሱ ያደበዝዛል።

በወሬ ብቻ እንዳይሆን አንዱን ፎቶ በሁለቱም ቀለም አሳተምን። ፒግመንቱን አዲስ አበባ ልከን ነው ያሳተምነው። ግማሽ ግማሹን በካርቶን ሸፍነን ፀሐይ በሚመታው መስኮታችን ላይ ለጠፍን። ዝናቡ ሲገባ ካርቶኑን አነሳን። የዳዩ ፎቶ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። በፒግመንቱ ላይ ልዩነት ፈልገን አጣን።

ደግነቱ ስካኑን ፍላሽ ላይ አስቀምጣው ነበር። በፒግመንት፣ አሲድ በሌለው የጥጥ ወረቀት ላይ ድጋሚ ታተመ። ዋጋው ይወደዳል፤ ለሚሸጥ ሥራ ግን ይገባዋል እላለሁ። ለመታወቂያ ፎቶ ማን ይጨነቃል? ገንዘቡን ከፍሎ ግድግዳው ላይ ለሚሰቅል ሰው ግን የቀለሙ ዓይነት ሊነገረው ይገባል። የካፌው ባለቤትም ሥራውን መልሶ ወሰደ፤ አሁን ከመስኮቱ ራቅ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። እኛም ለሥዕል ሥራ የሚያሳትም ሲመጣ የት እንደሚሰቀል ሳንጠይቅ ትእዛዝ አንቀበልም፤ ደረሰኙ ላይም የቀለሙን ዓይነት እንጽፋለን።