ሐረጎ ላይ የሚቆመው ዲኤክስ

ሀጂ ዲኤክሷን፣ ያቺን አሮጌ ቶዮታቸውን፣ እኛ ጋራዥ ሲያመጧት የቤንዚን ፓምፑ አዲስ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውም አዲስ ነበር። ሁለቱንም የገጠመላቸው እዚሁ ደሴ ያለ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሰላም ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕቃ ስታመላልስ ትውላለች፣ ምንም አትልም። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ሐረጎ ዳገት ላይ ትንገጫገጭና ቀጥ ትላለች። ትንሽ አርፋ ትነሳለች፣ ጥቂት ሄዳ እንደገና ቀጥ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ ሌላው ብርዱ ነው አለ፣ ያኛው ጋራዥ ደግሞ ፓምፕ ነው አለ። ፓምፕ ለመሸጥ ይመቻል። በካርቶን ይመጣል፣ በእጅ ይያዛል፣ አሮጌው በፌስታል ተደርጎ ይሰጥሃል። ከፍለህ ባዶ እጅህን አትሄድም።

እኔን ያነቃኝ ግን ስለ መኪናዋ የነገሩኝ አይደለም። ሻይ እየጠጣን የሰፈራቸውን ጎረምሶች ያማርራሉ። ሌሊት ሌሊት ቤንዚን ይቀዱብኛል ይላሉ።

«በምን አወቁ ሀጂ?»

«ማታ የተውኩት ጠዋት ይጎድላላ! ደሞ ባለጌዎች ናቸው፣ እያንጠባጠቡ ነው የሚቀዱት። ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይላል።»

«መኪናዋን እንዴት አድርገው ነው የሚያቆሟት?»

«አፍንጫዋን ወደ ቁልቁል ነዋ።»

ደሴ ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደዚያ ነው የሚያቆመው። ባትሪ ከደከመ ቁልቁል ለቀቅ አድርጎ በግፊ ማስነሳት ነው። በቃ፣ ጎረምሶቹ እዚያው ነጻ ወጡ።

የእነዚህ የካርቡራተር መኪኖች ፓምፕ ሞተሩ ላይ ነው የተገጠመው። ቤንዚኑን ከኋላ ከሰልባትዮው፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ ይስበዋል፣ ከኋላ የሚገፋለት የለም። መስመሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብትኖር፣ ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚን በእሷ አይወጣም፣ አየር ይገባባታል እንጂ። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ከኮምቦልቻ ደሴ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደህ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ዳገቱ ላይ ሰልባትዮው ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ያኔ ነው ብዙ የሚጠጣው፣ ፓምፑም ቤንዚን እስባለሁ ሲል አየር ይስባል። ሞተር ጠፍቶ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ስታድር ደግሞ ያችው ቀዳዳ በተራዋ ታንጠባጥባለች። ስለዚህ አዲስ ፓምፕ ብትገጥም፣ ከዚያም ሌላ አዲስ ፓምፕ ብትገጥም፣ አየሩን በደንብ ይስብልሃል።

ከሥር ገባሁ። የገመዱን አምፖል ትቼ የስልኬን መብራት ነው የያዝኩት፣ የጋለ አምፖል ላይ አንዲት የቤንዚን ጠብታ ካረፈች ወሬው ሌላ ነው። ከሾፌሩ ወንበር በታች ቱቦውን ከወለሉ ጋር የያዘች የላሜራ ማሰሪያ አለች። የስንት ክረምት ጭቃ እንደሆነ እንጃ እዚያ ተጠቅጥቆ ደርቋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጭቃው ታጥቦ ጠቁሯል። በአውራ ጣቴ ጥፍር ፋቅ ሳደርገው ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ከሥሩ ብርድ ብርድ የሚል እርጥብ ነገር ጣቴን ነካኝ። ወደ ኋላ ትንሽ ስሄድ ደግሞ ሌላ ታሪክ አገኘሁ። ያኛው ጋራዥ የቱቦውን ቁራጭ አውጥቶ በምትኩ የውሃ ጎማ ቀጥሎ በፋሸታ አስሮታል። ቤንዚን የውሃ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። በሁለት ጣቴ ስይዘው ሙክክ ብሏል። ይህን ያየ ሰው ከዚያ ተነስቶ ፓምፕ ሸጠ!

ሀጂን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይቺ ናት? በይዳትና ልሂድ።»

«ይህ አይበየድም ሀጂ።»

«ለምን? ብረት አይደል?»

«ብረት ነበር። አሁን ዝገት ነው የቀረው። ደግሞ ሰልባትዮው እዚያው አጠገቡ እያለ እሳት አላስጠጋም።»

«ባዶ ነው እኮ! ሐረጎ ላይ ስትቆምብኝ ጠብታ አልቀረባትም።»

«ሙሉ ቢሆን ይሻል ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ረዳቴ ዞሩ። «ሰማኸው ይሄን? ቤንዚን ሲኖር አይፈነዳም፣ ሲያልቅ ነው የሚፈነዳው ይላል!» ረዳቴ ሳቁን ለመደበቅ ቁልፍ የሚፈልግ መሰለ። እኔም አስረዳለሁ። ሀጂ፣ የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ትነቱ ነው፤ ባዶ የሚሉት ውስጥ ትነትና አየር ተቀላቅሎ ቁጭ ብሏል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ አናየውም እያልኩ። ጥሞናቸውን ሰጥተው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ላምባው ያለቀ ኩራዝ ይበራል?»

ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። የጎረቤት በያጁ ሳይቀር ጭንብሉን አንስቶ ሳቀ። እኔ የምለው ጠፋኝ።

መልሱ የመጣልኝ ማታ ራት ላይ ነው፣ የማይረባ ሰዓት። ላምባና ቤንዚን አንድ አይደሉም። ላምባ ካልሞቀ በቂ ትነት አይሰጥም፣ ለዚያ ነው ኩራዝ ክር የሚያስፈልገው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ውስጥ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት አለው። የደሴ ብርድ ምንም አያደርገውም። ይህን ግን ለማን ልንገረው? ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽሮው ቀዘቀዘ አለችኝ።

ያሸነፍኩት በክርክር አይደለም። ቱቦውን ፈትቼ አወጣሁና በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ላይ ጎበጥ አደረግሁት። እንደ መታጠፍ ከማለት ይልቅ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። አንዷን ቀዳዳ ብደፍናት ቀጣይዋ ከአጠገቧ ተራ እየጠበቀች ነበር። ሀጂ ዝም አሉ። ከዚያ «ሙሉውን ቀይረው» አሉ። ዋጋ ላይ ስንደርስ ድምፃቸው ተመለሰ። «ፓምፑን እንኳ ስገዛ ይሄን ያህል አልከፈልኩም! ይሄ ቱቦ ነው።» ቱቦው ርካሽ ነው አልኩ፣ እያጠፉ ከኋላ እስከ ፊት ማድረስ ነው ገንዘቡ። አብሽር፣ ትንሽ ቀንስ፣ ተባብለን ተስማማን። ቀነስኩ።

አዲሱን የብረት ቱቦ ዘረጋሁ። ጫፍና ጫፉ ላይ የነዳጅ ጎማ፣ ማሰሪያዎቹ ሥር ደግሞ ጭቃ እንዳይቋጥር ላስቲክ አደረግሁ። አብረን ኮምቦልቻ ወርደን ዞርን። ሐረጎ ጭጋግ ነበረ። አንድ ጊዜም አልተንገጫገጨችም። ሀጂ «ማሻአላህ» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ትንሽ ቆይቶ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ድምፃቸውን ሰማሁ። ስለ ዲኤክሷ ያወራሉ። «ፓምፑ አዲስ ስለነበረ ነው ያስቸገረኝ» ይላሉ። «እስኪላመድ ነው። አሁን ተላምዷል፣ ወላሂ እንደ ወፍ ነው የምትወጣው።» የሚሰሟቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞር ብዬ ልናገር አልኩና ኩራዙ ትዝ አለኝ። ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። የአማቻቸው መኪና ዳገት ላይ እየቆመች አስቸግራለች።

«አምጧት ሀጂ፣ ልያት።»

«አይ፣ አንተንስ አላስቸግርህም» አሉ። «ያ ፓምፕ የገጠመልኝ ልጅ ስልክ ይኖርህ ይሆን ብዬ ነው።»

ነበረኝ። ላክሁላቸው።