«መርፌውስ?»

የጋሪ ፈረስ «ሰነፈብኝ» ተብሎ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ ሰው ይህን አቤቱታ ስንቴ እንደሚሰማው ያውቃል። ባለጋሪው ልጓሙን እንደያዘ በር ላይ ይቆማል። «ዶክተር፣ አንድ መርፌ ውጋልኝ፣ ልሂድ» ይላል። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላው ቆሟል።

የማወራችሁ ስለ አንድ ዳማ ፈረስ ነው። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ ሙቀቷ አይጣል ነው። ስሟን ልተወው፤ ባልደረባዬ በዚህ ነገር ውስጥ አሉበት።

ያመጣው ወጣት ልጅ ነው። ፈረሱም ጋሪውም የሌላ ሰው ነው፤ እሱ ማታ ማታ ገቢ ያስገባል። ሰው መጫኑን ባጃጅ ስለወሰደበት አሁን ብሎኬትና ሲሚንቶ ያመላልሳል። «ድሮ ዳገቱን በሩጫ ነበር የሚወጣው» አለኝ። «አሁን መሃል ላይ ይቆማል። ብትገርፈውም አይሰማም።» መግረፉን እንኳ ባይነግረኝ የፈረሱ ጎን ይናገር ነበር። ሰንበር በሰንበር ሆኗል።

አንጋፋው ባልደረባችን ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። «ቫይታሚን ስጠውና ሸኘው፤ ወረፋው መንገድ ደርሷል» አሉኝ። ወረፋው እውነት ነው። ቢሆንም ፈረሱን ሳላየው መርፌ ማንሳት አልፈለግሁም።

የሰውነቱ ሙቀት 38 ነው፤ ትኩሳት የለውም። ልቡ በደቂቃ 52 ይመታል። ያረፈ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ቢሆን ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ጥላ ስር ቆሞ ቆይቷል። ድዱ አልነጣም። ነጥቶ ቢሆን ሐሳቤ ወደ ሆድ ትል ወይም ወደ ደም ተውሳክ ይሄድ ነበር። ድዱ ግን ደርቋል። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም።

«ውሃ መቼ ጠጣ?»

«ጠዋት ትንሽ። ሥራ ላይ ከጠጣ ሆዱን ይነፋዋል።»

ይህን እምነት በየጋሪ ተራው ታገኙታላችሁ። በዚያ ሐሩር ብሎኬት የሚጎትት ፈረስ በቀን 30 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃ ይፈልጋል። ላቡ ደግሞ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው። ውሃውም ጨውም ያልተተካለት ፈረስ ዳገት መሃል ቢቆም ምን ይገርማል? ልጓሙን አውልቄ በባልዲ አቀረብኩለት። ቀስ እያለ፣ እያረፈ ጨረሰው። ቀና ብሎ ሌላ ጠበቀ።

ውሃ ብቻ ግን አልነበረም። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ፋንድያውን ፈረካክሼ ሳየው ያልደቀቀ ረጃጅም ጭድ ሞልቶታል። ልጁን «ሲበላ ከአፉ የሚጥለው ነገር አለ?» አልኩት። «አዎ! ጭዱን ያኝክና አድቦልቡሎ ይተፋዋል። ቅብጠት መስሎኝ ነበር» አለኝ።

የፈረስ መንጋጋ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ፣ ሲያኝክ ደግሞ እየተሞረደ ይኖራል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ስለዚህ የላይኞቹ ጥርሶች በውጭ በኩል፣ የታችኞቹ በውስጥ በኩል ሳይሞረዱ ይቀሩና ጠርዝ ያወጣሉ። አፉን በብረቱ ከፍቼ በባትሪ ሳበራ ጉንጩ በውስጥ በኩል ቆስሏል። የከንፈሩ ጥግም ከፌሮ በተሠራው ልጓም ተልጧል። ይህ እንስሳ ሲያኝክ ያመዋል፣ ልጓም ሲሳብ ያመዋል፣ ሲቆም ደግሞ ይገረፋል።

ሞረዱን ሳወጣ ልጁ ግራ ገባው። «ጥርሱን ሞርደህ ነው ጉልበት የምትሰጠው?» አለ። ጣቱን ይዤ ጠርዙን አስነካሁት። እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ የሰላ ነው። እጁን መንጭቆ አወጣ። ሞርጄ እስክጨርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የፈረሱን ግንባር ያሻሻል። ገብቶታል ብዬ ደስ አለኝ።

ስጨርስ «እሺ፣ መርፌውስ?» አለኝ።

ተረጋግቼ አስረዳሁት። መርፌው ቫይታሚን ቢ ነው፤ እሱን ደግሞ ፈረስ አንጀቱ ውስጥ ባሉ ደቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ራሱ ያገኘዋል። የሚያስፈልገው ውሃ ነው፤ ለጥቂት ቀናት በውሃ የራሰ ፉርሽካ ትንሽ ጨው ተጨምሮበት፣ ግማሽ ጭነት፣ ሌላ ልጓም። ልጁ ሁሉንም ሰማኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባለቤቱ መርፌ አስወጋ ብሎ ነው ብር የሰጠኝ። ሳላስወጋ ብመለስ ብሩን በላኸው ይለኛል» አለኝ።

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ባልደረባችን ግን አገኙ። ቢጫውን ቫይታሚን በሲሪንጅ ቀድተው መጡና «በል፣ ይኸው!» ብለው ወጉት። የልጁ ፊት በራ። እኔን ሳይሆን እሳቸውን አመስግኖ ሄደ። ያኔ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ፈረሱ ሰነባብቶ አገገመ። ዳገቱን ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጋሪ ተራው ላይ የተወራው ግን ስለ ቢጫዋ መርፌ ነው። ባለጋሪዎች «ያቺን ቢጫዋን» እያሉ ይጎርፉ ጀመር። ባልደረባችንም «አየህ፣ ደንበኛ አመጣሁልህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ መጡ። ከመጡት ብዙዎቹ የፈረሳቸው አፍ ተከፍቶ ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ አፉን ሳላይና ውሃ ሳላጠጣ መርፌ የለም አልኩ። ባልደረባችን «ወረፋ ታስረዝማለህ» ብለው ተቆጡ። አሁንም ይቆጣሉ፣ እኔም አሁንም አፍ እከፍታለሁ። መርፌዋም አልቀረችም። እሷን ብከለክል ስንቱ ፈረስ ከነቁስሉ ቤቱ እንደሚቀር ሳስብ ዝም እላለሁ።

የዳማውን ባለቤት እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ብሎኬቱን የሚወስነው፣ ገቢውን የሚቀበለው፣ ልጓሙን የሚገዛው እሱ ነው። በልጁ በኩል ደጋግሜ አስጠርቼዋለሁ። «ጊዜ የለውም» ነው የሚለኝ። ልጁ የልጓሙን ብረት በቆዳ ጠቅልሎለታል፤ ቆዳውን የገዛው ከራሱ ኪስ ነው።