የቆረጥኳቸው አራት ክሮች

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው። በሬ ላይ «ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየር እንጠግናለን» ይላል። ጊታር አይልም። ግን እዚህ ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታሩ የተበላሸበት ሰው ወዴት ይሂድ? ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። እኔም ሽቦና ማግኔት ያለበትን ነገር እምቢ ብዬ አላውቅም።

ልጁ የመጣው አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ጊታሩን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመና «ጋሼ፣ ጃኩ ላልቶ ድምፅ ይቆራርጣል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሥራ አለኝ፤ 10 ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎኝ እየሮጠ ወጣ። ልብ በሉልኝ፤ ጃኩ (የድምፅ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ነው ያለኝ። ሌላ ነገር አላነሳም።

ጃኩ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። አንዷ ሽቦ ከብየዳው ለቅቃ ነበር። በየድኳት፣ ሞከርኩት፣ ሠራ። እዚህ ላይ ክዳኑን አስሬ ሻይ ማዘዝ ነበረብኝ።

ዐይኔ ክሮቹ ላይ አረፈ። ጊታር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ የላይኛው ክር ወፍራም ነው፣ ወደ ታች ሲኬድ እየቀጠነ ይሄዳል። የዚህኛው ግን ስድስቱም እኩል ቀጭን ናቸው። ስመታቸው ደግሞ ሁሉም አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ስድስት ክር፣ አንድ ድምፅ! በዚያ ላይ መሐላቸው ሚስማር ተሰክቷል። ታች በኩል ደግሞ ባለጥርስ የሽቦ መቆንጠጫ ሁለቱን ክሮች ነክሶ ይዟቸዋል።

«ምስኪን! አንዱ ነጋዴ ያንኑ ክር ስድስት ጊዜ ሸጦለታል» አልኩ። ከልቤ አዘንኩለት።

መሳቢያዬ ውስጥ ከአንድ የተሰበረ ጊታር የተረፉ ክሮች ነበሩኝ። አራት ወፋፍራሞች መረጥኩ። ከዚያ ፒንሳዬን አንስቼ የልጁን አራት ክሮች ቆረጥኳቸው፤ ጠቅልዬም ጣልኳቸው። መቆንጠጫውን ፈታሁ፣ ሚስማሩን ቆርቆሮ ውስጥ ካሉት ሚስማሮቼ ጋር ቀላቀልኩት። ክሮቹን በስልኬ መቃኛ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ አድርጌ እንደ ደንቡ ቃኘሁ። ገላውንም ወለወልኩት። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልጨምርም ብዬም ወሰንኩ። የጽድቅ ሥራ መስሎኝ።

10 ሰዓት ላይ መጣ። ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንድ ጊዜ መታው። ትንሽ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ሚስማሬስ?»

«ነቀልኩልህ!» አልኩት በኩራት።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ረጋ ብሎ ነገረኝ። ክሮቹን የገዛው ራሱ ነው። አንድ ድምፅ ላይ የቃኛቸውም ራሱ ነው፤ ሆን ብሎ። የዛሬ ማታው ሥራ በሙሉ በዚያ ቅኝት የተዘጋጀ ነው።

«እንዲህ ያለ ቅኝት አለ እንዴ?»

«አዝማሪ ማሲንቆውን ቢያመጣልዎት፣ ክሩ አንድ ብቻ ነው ብለው አምስት ይጨምሩለታል?»

ጎንደር ተቀምጬ በማሲንቆ ስረታ ምን እላለሁ?

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወራኝ። የጀመረው በጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ይጫወት የነበረውን ጌታቸውን ማን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለ የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የሚል አልበም አውጥቷል። ልጁ ያንን ሲሰማ ጆሮው ከሳክስፎኑ ኋላ ቀረ። ከኋላ ጊታሮቹ እንደ ቆርቆሮ ይፋጫሉ። እንዲህ የሚጫወት ሌላ ማን አለ ብሎ ሲፈልግ ሲፈልግ ኒው ዮርክ ደረሰ፤ አቀናባሪው ግሌን ብራንካ ዘንድ።

ብራንካ በ1948 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሃሪስበርግ ነው የተወለደው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቦስተን የተማረው ሙዚቃ ሳይሆን ቲያትር ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድም ሐሳቡ ቲያትር ላይ ነበር። እዚያ ግን ባንድ አቋቋመ፤ ከዚያም ጊታር በጊታር ላይ መደርደር ጀመረ። የአንዱን ጊታር ክሮች በሙሉ አንድ ኖታ ላይ ይቃኛል፣ የሌላውን ሌላ ላይ፤ ከዚያ ሁሉንም በኃይል በአንድ ላይ ያስመታል። ዘፋኝ የለም። «ዘ አሴንሽን» የሚለው አልበሙ በ1981 ወጣ። በ1983 ያቀረበው ሦስተኛ ሲምፎኒው ደግሞ ከአንድ መሠረታዊ ድምፅ ላይ በሚወጡ ድምፆች መካከል ባሉት የመጀመሪያዎቹ 127 ርቀቶች የተሠራ ነው። ይህን ስሰማ ነው ለሰውየው ክብር የሰጠሁት። እሱስ ከኛ ወገን ነው፤ የሂሳብ ሰው።

ሁሉም አልወደደለትም። ጆን ኬጅ፣ ራሱ በፒያኖ ክሮች መሐል ብሎንና ጎማ ይሰካ የነበረው ያ ዝነኛ አቀናባሪ፣ በ1982 ቺካጎ ላይ ሰምቶት ክፉኛ ተቸው። (ብሎን የሚሰካ ሰው የሌላውን ሙከራ ሲጠላ አይገርምም?) ብራንካ ግን ቀጠለ። በ2001 ሰኔ ላይ ለ100 ጊታሮች የጻፈውን ሲምፎኒ ኒው ዮርክ ውስጥ መንትዮቹ ሕንፃዎች ሥር አስጫወተ። ሕንፃዎቹ የፈረሱት ከሦስት ወር በኋላ ነው። እሱ በ2018፣ በ69 ዓመቱ፣ በጉሮሮ ካንሰር አረፈ።

በብራንካ ቡድን ውስጥ ከተጫወቱት መካከል ሊ ራናልዶና ተርስተን ሙር ነበሩ። እነሱ «ሶኒክ ዩዝ» ባንድ ውስጥ ሆነው ለተለያዩ ዘፈኖች የተለያየ ቅኝት ያለው ጊታር ያዘጋጁ ነበር። በ1999 ሐምሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕቃቸውን የጫነው መኪና ተሰረቀ። ጊታር እንደገና ይገዛል፤ ለዓመታት እየነካኩ ያለማመዱት ጊታር ግን ከየት ይመጣል?

«እነሱን የዘረፋቸው ሌባ ነው» አለኝ ልጁ፣ «እኔን ግን ጠጋኝ።»

ሰዓቱ 11 እየተጠጋ ነው። ቀጭን ክር በዚያ ሰዓት የሚሸጥ ሱቅ አላገኘንም። ቀድሞ የቆረጥኳቸው አጥረዋል፤ አይቀጠሉም። የፈረስ ጭራ ከአዝማሪ ልለምን ብዬም አስቤ ነበር። ግን አይሆንም። ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሰማው በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ነው። ማግኔቱ አጠገብ ብረት ሲንቀጠቀጥ ነው ድምፅ የሚፈጠረው። ጭራም ናይለንም አይሰማም።

ብረት ብቻ ነው የሚፈልገው! ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። ተነስቼ ጎረቤቴ ወዳለው የባጃጅ ጋራዥ ሮጥኩ። አንድ የፍሪሲዮን ገመድ ገዛሁ። ገመዱ ሲፈታ ከውስጡ ቀጫጭን የብረት ክሮች ይወጣሉ። አራቱን ለይቼ ጫፋቸውን ትንንሽ ሮንዴላ ላይ አሰርኩና ወጠርኳቸው። ከልጁ ክሮች ትንሽ ወፈር ይላሉ። ስለዚህ ሁሉንም ዝቅ አድርጎ ቃኛቸው። መጠምዘዛቸው ሙሉ በሙሉ ስላልለቀቃቸው ሲመቱ ይዝረከረካሉ። እኔ ተሸማቀቅኩ። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ መታቸው። ሚስማሩን ጠየቀኝ። ቆርቆሮውን ገልብጬ ፈለግንለት።

ማታ ሄድኩ። በዕዳ ነው የሄድኩት እንጂ ወድጄ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ብንሞላ ነው። ሲጀምር አንዳንዱ ሳቀ፣ ሁለት ሰዎች ወጡ። እኔም አምፕሊፋየሩ እየተቃጠለ መስሎኝ እጄን በላኝ። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ግን ከጩኸቱ በላይ ሌላ ነገር ሰማሁ። ሩቅ ያለ ማኅሌት የመሰለ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚዘምር ሰው የለም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አንዱ ክር በሰከንድ 220 ጊዜ፣ ሌላው 222 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ሁለቱ ተደርበው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። ስድስት ክር ሲሆን፣ በዚያ ላይ ባጃጅ ሲታከልበት፣ ድርቡ ማለቂያ የለውም። ማወቄ ግን ፀጉሬ ከመቆም አላዳነውም።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጠጋ አሉኝና «አንተ ጠጋኝ አይደለህም እንዴ? ተበላሽቶበታል መሰል፣ ለምን አታይለትም?» አሉኝ።

«አልተበላሸም አባቴ» አልኳቸው።

አሁን ዕቃ ስቀበል ደረሰኙ ላይ ምኑ እንደሚጠገን እጽፋለሁ። ሌላ የሚያስገርመኝ ነገር ካየሁ ደግሞ እደውላለሁ። ደንበኞቼ ስልክ አበዛህ ይሉኛል።

ከልጁ ጋር በማግሥቱ ተሳሰብን። የጃኩን ጥገና ከፈለኝ፣ የአራት ክር ዋጋ ቀነሰብኝ። እኔም የገመዱን ወጪ ቻልኩ። ከሳሪው ማን እንደሆነ ገብቷችኋል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጊታሩን አልያዘም።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ያ የፍሪሲዮን ገመድ ተርፎዎታል?»