የማይበላ ወፍ የሚያመጣ ውሻ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ እንጀራዬ ለአዳኞች ውሻ ማሠልጠን መሆኑን ጎንደር ያሉት ዘመዶቼ ለረጅም ጊዜ አያውቁም ነበር። «የእንስሳት ሥራ ነው» እላለሁ፤ እናቴ ደግሞ እንስሳት ሐኪም አድርጋ ለአዘዞ ጎረቤት ሁሉ ታወራልኛለች። ዘንድሮ ለጥምቀት ስመጣ ስልኬ ውስጥ ያለ ቪዲዮ አጋለጠኝ። አጎቴ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ላብራዶር የሚባል ዘር አንድ ጥቁር ውሻ ዳክዬ በአፉ ይዞ ከሐይቅ ሲወጣ አዩ።

«ዳክዬዋን ይበሏታል?»

«ይበሏታል፣ ጋሼ።»

አማተቡ። አዳኞቹ ከአደን ፈቃዱ ሌላ በየዓመቱ የዳክዬ ቴምብር እንደሚገዙ፣ ይህም ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ እንዳለ፣ ገንዘቡም ለወፎቹ መኖሪያ ረግረግ ጥበቃ እንደሚውል ስነግራቸው ይባስ ብለው ሳቁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ወደ መተማ በሚወስደው ቆላ ቆቅና ጅግራ ያደኑ ሰው ናቸው። በእሳቸው አደን ውሻ አሯሯጭ ነው፤ ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ ወፏን ይበላታል።

እንደ ላብራዶር ያለው፣ ሪትሪቨር (አምጪ) የሚባለው የአደን ውሻ ግን አያሯሩጥም፣ አይገድልምም። አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ከውኃ ወይም ከቄጠማ ውስጥ ፈልጎ፣ ሥጋውን ሳይጎዳ እጅ ላይ ያስረክባል። የላብራዶር ቅድመ አያቶች ኒውፋውንድላንድ ደሴት የዓሣ አጥማጅ ረዳቶች ነበሩ፤ ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣና የመረብ ገመድ ከባሕር እየጎተቱ ያመጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ብሪታንያ ተወሰዱና ለአደን የሚሆኑት እየተመረጡ ዘራቸው ተባዛ።

ቡችላው በሁለት ወሩ ገደማ ይመጣልናል። የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ነው። በሮቹን ሁሉ ዘግቼ እንበረከክና የተጠቀለለ ካልሲ እወረውራለሁ። ሮጦ ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ በቀር መሄጃ የለውም። ሜዳ ላይ ይዞ ቢሸሽ እንኳ አላባርረውም፤ አንዴ ከተባረረ ያን ጨዋታ ይወደዋል። ፊቴን አዙሬ ስሸሽ እሱ ይከተለኛል። ከአፉም አልጎትትም፣ ጉተታ የለመደ ውሻ ወፉን ነክሶ ያበላሻልና። ጥቂት ጊዜ ወርውሬ ገና እንደጓጓ አቆማለሁ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ገደማ ጥርሱን ሲቀይር ድዱ ስለሚያመው የማምጣቱ ትምህርት ጋብ ይላል።

ተኩስም በድንገት አይደለም። ቡችላው በጨዋታ ተጠምዶ ሳለ ከሩቅ አነስ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ካልደነገጠ በየቀኑ ትንሽ ይቀርባል። ሳይለማመድ አጠገቡ የተተኮሰበት ውሻ ኋላ ጠመንጃ ባየ ቁጥር ጅራቱን እግሮቹ መሃል ሸጉጦ ይሸሻል፤ ያን ፍርሃት ማስለቀቅ እጅግ አድካሚ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መቀመጥ ነው። አንድ ረዥም ፊሽካ «ቁጭ በል» ነው፤ የተደጋገመ አጭር ፊሽካ «ና» ነው። በወፍ ፈንታ ለልምምድ የምወረውረው የሸራ ጥቅልል ገና አየር ላይ እያለ የቡችላው ጭን ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይቆማል፣ ከጉሮሮው ቀጭን ድምፅ ያመልጠዋል። ጥቅልሉ ውኃው ላይ ቷ ብሎ ይወድቃል። አሁንም አይነሣም። ስሙ ሲጠራ ብቻ ነው የሚፈናጠረው። የአደን ውሻ ትምህርት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያለመሮጥ ትምህርት ነው፤ ደንበኞቻችን ግን ቡችላው በመጣ በሳምንቱ ዳክዬ እንዲያመጣላቸው ይፈልጋሉ።

እዚህ ጎንደር ቤታችን ውስጥ የአክስቴ ልጅ ያመጣው አንድ ቡናማ ቡችላ አለ። ስም ገና አልወጣለትም፤ ሁሉም ኩቲ ይለዋል። ከማንኛውም ትምህርት በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብነው። ቀጥሎ በቋንጣ ፍርፋሪ ቁጭ ማለትንና ሲጠሩት መምጣትን ያዘ፤ በፍጥነቱ ከብዙ የአሜሪካ ቡችሎች አያንስም። ካልሲ ስወረውርለት ግን አንሥቶ በቀጥታ የማገዶው ክምር ኋላ ገባና ተኝቶ ያኝከው ጀመር። እኔም አልፈረድኩበትም። ይዞ መመለስን ለትውልዶች ከተመረጡ ወላጆች የወረሰው ላብራዶር ነው፤ የኩቲ ወገን የተመረጠው ግቢ በመጠበቅ ነው።

ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይታዘቡን ነበር። ኩቲ አንድ እንግዳ በሩን አልፎ ሲገባ በፊሽካዬ ቁጭ ሲል ግን ዝም ማለት አልቻሉም።

«አንተ ልጅ፣ ሌባ ሲመጣም ስሙ እስኪጠራ ተቀምጦ ሊጠብቅ ነው?»

ጩኸቱን እንዳልነካሁበት ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ ማታ የጎረቤት ልጅ ልከው በሩን አስነቀነቁት። ኩቲ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰው፤ ጋሼም በማግሥቱ ቋንጣውን ራሳቸው ይቆርሱለት ጀመር።