ከኢፍላ ሪፖዚተሪ ፒዲኤፉን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ

የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኢፍላ፣ ስታንዳርዶቹን፣ መመሪያዎቹን፣ ሪፖርቶቹንና የጉባኤ ጽሑፎቹን ለሁሉም ክፍት በሆነ ሪፖዚተሪ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ባለ የሰነዶች ማከማቻ፣ ያስቀምጣል። ለማንበብም ሆነ ለማውረድ ክፍያ የለም። አብዛኛው ሰው ግን ገብቶ ፒዲኤፉን አውርዶ ይወጣል። በኋላ ዋቢ ሲጽፍ ወይም ሰነዱን ሊተረጉም ሲያስብ የሚያስፈልገው መረጃ የቀረው ፋይሉን በያዘው የመዝገብ ገጽ ላይ ነው።

በፍለጋው እንጀምር። ሪፖዚተሪው የሚሠራው በዲስፔስ ሶፍትዌር ነው። የዲስፔስ መፈለጊያ ሜታዳታውንም (እንደ ርዕስ፣ ጸሐፊና ቀን ያሉ የሰነዱን መግለጫዎች) የፋይሉን ጽሑፍም ያያል፤ ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሸወዳል። አንደኛው፣ ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ የተቀመጠና ከሥሩ የሚነበብ ጽሑፍ የሌለው ፒዲኤፍ ነው። እንዲህ ያለው የሚገኘው በርዕሱ፣ በጸሐፊው ወይም በአጠቃሎው (የሰነዱን ይዘት በአጭሩ በሚገልጸው ጽሑፍ) ብቻ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በስተቀር ሶፍትዌሩ ከአንድ ፋይል ለፍለጋ የሚወስደው የመጀመሪያዎቹን 100,000 ፊደላት ነው። ይህም እንደ ገጹ አቀማመጥ ከ30 እስከ 50 ገጽ ቢሆን ነው። እናም የምትፈልጉት ቃል ያለው በረጅም ሪፖርት 120ኛ ገጽ ላይ ከሆነ «ምንም አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል፤ ሰነዱ ግን እዚያው ተቀምጧል። መፍትሔው በርዕስ ወይም በአጠቃሎ ውስጥ ሊኖር በሚችል ሰፋ ባለ ቃል ሰነዱን ማግኘት፣ ከዚያ ፋይሉን ከፍቶ ውስጡን በኮንትሮል ኤፍ መፈለግ ነው።

ርዕሱን በትክክል ካወቃችሁት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። ያለዚያ እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው እየተፈለገ ውጤቱ ይዝረከረካል። በጎን ያለውን የጸሐፊ ማጣሪያ ስትጠቀሙም ዝርዝሩን ወረድ እያላችሁ እዩት፤ የአንድ ሰው ስም አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ከተመዘገበ ሁለት ሰው መስሎ ይቀመጣል። አንዱን ብቻ ስትመርጡ የቀረው ሥራው ከዓይናችሁ ይሰወራል።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። መዝገቡ ሰነዱ የታተመበትንና ወደ ሪፖዚተሪው የገባበትን ቀን ለየብቻ ይይዛል። «በቅርብ የገቡ» በሚለው ዝርዝር አናት ላይ የምታዩት ሰነድ ከሃያ ዓመት በፊት የታተመ ሊሆን ይችላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶን ውሰዱ፦ መጀመሪያ በ1949 ወጥቶ በ1972፣ በ1994 እና በ2022 ተሻሽሏል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ የ1994ቱን የአሁኑ ነው ብሎ መጥቀስ ቀላል ስሕተት ነው። ትርጉሞችም ለየብቻ ስለሚመዘገቡ ቋንቋውን ጭምር አረጋግጡ።

ዋቢ ላይ የሚበላሸው ነገር ግን ያሳዝናል፤ ብዙ የተደከመበት ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በኋላ በማይከፈት ሊንክ ይቀራል። የማውረጃው ሊንክ 36 ምልክት ያለው ረጅም መለያ አለው። ያ መለያ የፋይሉ ነው። ፋይሉ ታርሞ በአዲስ ከተተካ መለያውም ይቀየራል፣ የጠቀሳችሁት ሊንክም ይሞታል። የሚጠቀሰው በመዝገቡ ገጽ ላይ የሚታየው ቋሚ አድራሻ፣ ሃንድል የሚባለው ነው። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ተጠቅሰው ከምታገኟቸው የኢፍላ ሃንድሎች ብዙዎቹ 123456789 የሚል ቁጥር አላቸው። ይህ ዲስፔስ ሲጫን አብሮት የሚመጣ፣ ለማንም ያልተመዘገበ ቁጥር ነው፤ በዓለም አቀፉ የሃንድል አገልግሎት በኩል ብትፈልጉት ወደ ሰነዱ አያደርሳችሁም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሪፖዚተሪው ሙሉ አድራሻ ጋር ጻፉት። ገጹ ላይ በ20.500 የሚጀምር ቁጥር ካለ ግን እሱን ምረጡ።

ከድሮ ጽሑፍ ያገኛችሁት ሊንክ አልከፍት ካለ ተስፋ አትቁረጡ፤ ርዕሱን ቀድታችሁ በጥቅስ ውስጥ መልሳችሁ ፈልጉት።

የመጨረሻው ፈቃዱ ነው። «ክፍት» ስለተባለ ሁሉም ሰነድ እንደፈለጉ የሚሠሩበት አይደለም። በመዝገቡ ገጽ ላይ ወይም በፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጾች ያለውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ምልክት እዩ፤ ባለመብቱ ሥራውን ሌሎች እንዴት እንዲጠቀሙበት እንደፈቀደ የሚያሳይ ነው። ሲሲ ባይ 4.0 ከሆነ መተርጎም፣ ማባዛት፣ ለሥልጠና ቆራርጦ መጠቀምም ይቻላል፤ የሚጠየቀው ባለቤቱን መጥቀስ፣ ፈቃዱን በሊንክ ማሳየትና ምን እንደቀየራችሁ መግለጽ ነው። «ኤንዲ» (ቀይሮ ማሰራጨትን የሚከለክል ምልክት) የሚል ከተጨመረበት ግን ትርጉማችሁን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማሰራጨት አትችሉም። ይህን የምታዩት ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይሁን፤ አርባ ገጽ ከተረጎሙ በኋላ ማወቅ ልብ ይሰብራል። ፋይሉን ስታስቀምጡ ሃንድሉን፣ የታተመበትን ዓመት፣ ፈቃዱንና ያወረዳችሁበትን ቀን በአንድ መስመር አብራችሁ ጻፉ።