ለአንዲት ሌሊት እንቅልፍ የተሳልኩት ስለት

ስለት አለብኝ። የተሳልኩት በጥር 2015 ነው፣ ለጻድቁ ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ። «አንዲት ሌሊት አንገቴ ሳያመኝ፣ ሳልባንን ካደርኩ ለሰው እመሰክራለሁ» አልኩ። እንቅልፉን ወዲያው አገኘሁት። ምስክርነቱን ግን እስከ ዛሬ አላደረስኩም። ለምን እንደዘገየሁ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ያኔ 25 ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር፣ የበደለኝ ነገርም የለም። በየካቲት 2014 አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው ከበሩ እስከ መስኮቴ ተሰልፎ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ዋልን። ማታ ሒሳብ ስዘጋ 24,000 ብር ጎደለኝ። እኛ ሾርቴጅ እንለዋለን። እስሩን ሁሉ ፈትቼ ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስቴ፣ አራቴ። ጣቴን የማርስበት ስፖንጅ ደረቀ፣ እኔ ግን እቆጥራለሁ። ብሩ የለም። ደንቡ የታወቀ ነው፣ የጎደለውን ካሸሩ ይከፍላል። በየወሩ ከደመወዜ 1,500 ብር እንዲቆረጥ ፈረምኩ። 16 ወር መሆኑ ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። የምትኖረው ደምበጫ ገጠር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የሁለት ታናናሾቼን የትምህርት ወጪ የምሸፍነው እኔ ነበርኩ፣ እሷም በሄደችበት ሁሉ «ልጄ ብር የሚታመንበት ሰው ሆኗል» እያለች ነው የምታወራው። ይህን አፍ እንዴት ብዬ ላሳፍረው? ደመወዝ ዘግይቷል፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ እያልኩ ወሩን በወር አሳለፍኩ።

አንገቴን መያዝ የጀመረኝ ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ትራስ ነው ብዬ ትራስ ቀየርኩ። ከዚያ ማጅራቴን፣ ወደ ትከሻዬ፣ ወረድ ብሎ የግራ ክንዴን። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ ዝሎ አገኘዋለሁ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴን ስነክስ ነው የማድረው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰው የጠራኝ ያህል እባንናለሁ፣ ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥረኛል። ሞትኩ እላለሁ። አንድ ሌሊት አከራዬ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ልቤን በመሣሪያ አዩት፣ ደህና ነው። ራጅ ተነሣሁ፣ ደህና ነው። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ፣ ያውም ተበድሬ። እሱም ደህና ነው።

«ምንም የለብህም» ሲሉህ ደስ ሊልህ ይገባ ነበር። እኔን ግን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ምንም ከሌለብኝ ይሄ የሚያመኝ ምንድነው? አበድኩ ማለት ነው? ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ በላይ በላዩ ዋጥኩ። አንገቴን ሳያሽለኝ ጨጓራዬን ላጠው። መሥሪያ ቤት ቀልደኛ ነበርኩ አሉ፣ እኔ አላስታውስም። ከሰው ራቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ቅዳሴው ሳያልቅ እወጣለሁ፣ መቆም ያቅተኝ ነበር። በማክሰኞ ዳዊት ውስጥ አንድ ቃል አለ፣ 54ኛው መዝሙር ላይ። «ፍርሃትና እንቅጥቅጥ መጡብኝ» ይላል። እዚያ ስደርስ ማለፍ አልችልም ነበር። ስለ እኔ የተጻፈ ነበር የሚመስለኝ።

እናቴ መክሳቴን ባየች ጊዜ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ጎረቤት መተት ነው አለ። ቆይቶ እኔም አንድ ነገር ይዞኛል ብዬ ማመን ጀመርኩ። በጥር የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ወደ ግሽ ዓባይ ሄድኩ።

ለማታውቁት፣ ግሽ ዓባይ ሰከላ ውስጥ ነው፣ የዓባይ ምንጭ የሚፈልቅበት። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ቲሊሊ ላይ ወርደን በጠጠሩ ገባን። ቦታው ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጠበሉ የሚቀመሰው በባዶ ሆድ ነው፣ የበላ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም። በእግርህ ጫማ የለም፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። አባቶች እንደሚተርኩት ጻድቁን አቡነ ዘርዓ ብሩክን ሊያስሯቸው ሰዎች በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ነው የሄዱት። ሲመለሱ ቢጠይቁት፣ ውሃው መጻሕፍቱን ሳያርስ መለሰላቸው። ግሽ፣ «ትፋ» እንደ ማለት፣ የሚለውም ስም ከዚያ መጣ ይባላል። ተራ እየጠበቅሁ ይህን ነበር የማስበው። ውሃ አደራ ከጠበቀ እኔም የማስረክበው አለኝ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ስለቴን የተሳልኩት። እድናለሁ ብዬ ለመለመን አቅም አልነበረኝም። አንዲት ሌሊት ብቻ ለመንኩ።

ጥር 10 ተጠመቅሁ። ምንም። በጥምቀት ዕለት ጥር 11 ደግሜ ተጠመቅሁ። አጠገቤ የሚጮህ አለ፣ የሚወድቅ አለ። እኔ የሚወጣልኝን ነገር ጠበቅሁ፣ የሚወጣ ነገር የለም። ብርዱ ግን አንገቴን ይበልጥ አሰረው። ሌሊቱን ተቀምጬ አደርኩ። ልጃቸውን ሊያስታምሙ የመጡ አንዲት እናት፣ ከዳሞት ናቸው፣ ትኩስ ድንች በነጠላቸው ጫፍ ይዘው መጥተው «እንካ አካሌ፣ ቅመስ» አሉኝ። አልበላም አልኩ። ሱባኤ የያዝኩ መስሏቸው ተዉኝ። እውነቱ ግን መብላት አስጠልቶኝ ነው።

ጥር 12 ጠዋት ጠበል የሚያጠምቁት አባ ጠሩኝ። ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ሦስት ቀን ሲያዩኝ ኖሯል።

«ምን ይዞህ መጣህ ልጄ?»

«አንገቴን አባ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም አባ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጠበቁኝ። ያን ያህል የጠበቀኝ ሰው አላውቅም። ከዚያ በራሱ ወጣ፣ ብሩ፣ መስኮቱ፣ ፊርማው፣ ለእናቴ የዋሸሁት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምባንነው፣ አንዳንዴ ባልነቃ የምለው ሁሉ። ይህን የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ።

አባ አልገሠጹኝም። «ክትክታ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባ። ከደጃችን ሞልቷል።»

«ኤልያስ ከሥሯ የተኛባት ዛፍ ክትክታ ናት። ነቢይ ነው፣ ከሰማይ እሳት ያወረደ። ያ ሁሉ አልፎ ደከመውና ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ አለ። እግዚአብሔር ምን አደረገው? ተቆጣው? መልአክ ልኮ ቀሰቀሰና ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰውና ደግሞ ብላ አለው። ንግግሩ ኋላ ነው የመጣው። አንተም ሂድና ብላ። ተኛ። ከዚያ በፊት ግን ለእናትህ ደውል።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ፣ «ስትመለስም ሐኪም ዘንድ ግባ። ለአንገቱ አይደለም፣ ለፍርሃቱ። ያን ባልነቃ ያልከውንም ሳትደብቅ ንገራቸው። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ ነው።»

ኔትወርክ የሚይዘው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። ወጣሁ። ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል፣ እሷ ግን ዝም አለች። በኋላ፣

«አሁን ይሄ ነው አንተ ልጅ?»

«አዎ እማዬ።»

«ለዚህ ነው እንዲህ ከስለህ የከረምከው? እኔ እኮ ሰው ገድለህ መስሎኝ ነበር። ስንት ቀረህ?»

«9,000።»

«ቅዳሜ ጊደሯን ገበያ አወጣታለሁ።»

«አታወጭም እማዬ። እየተቆረጠ ያልቃል።»

«እንግዲያው እህል በልተሃል?»

አልበላሁም ነበር። ወርጄ ያቺን እናት ፈለግኋቸው። ድንቹን በሚጥሚጣ በላሁ፣ አራት ፍሬ። ከዚያ ጎኔን ለማሳረፍ ጋደም አልኩ፣ ለማኅሌቱ እነሣለሁ ብዬ። የዓመቱ በዓል የሚነግሠው ጥር 13 ነው፣ የመጣሁትም ለዚያ ሌሊት ነበር። ሕዝቡ በከበሮ፣ በጸናጽል፣ በእልልታ አደረ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በጋቢ ተጠቅልዬ ከበሮውን ሳልሰማ ተኝቼ አደርኩ። ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሄደ። የነቃሁት ፀሐይ ፊቴ ላይ ስትወጣ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ አፌ ነው። ጥርሶቼ አልተነካከሱም። መንጋጋዬ ላላ ብሎ፣ ምላሴ እንደ ሕፃን ልጅ ምላስ ተዘርግቶ ነበር። አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ። ዞረ። ወደ ቀኝም ዞረ። ማኅሌቱ አመለጠኝ ብዬ አባን በእፍረት ይቅርታ ስጠይቃቸው «የመጣህበትን ነው የተቀበልከው» አሉኝ።

በዚሁ ዳንኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሕመሙ በሳምንቱ ተመልሷል። ግን ያው ሕመም አልነበረም፣ አልፈራሁትም።

ደብረ ማርቆስ እንደተመለስኩ አባ እንዳሉኝ አደረግሁ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ሰማችኝና «ጡጫህን ጨብጥ» አለችኝ። ጨበጥኩ። ሌላ ወሬ እያወራችኝ ቆየች። እጄ ማመም ጀመረ። «አሁን ራጅ ብናነሣው ምን ይታያል?» አለች። ምንም። «ያማል ግን?» ያማል። «አንገትህ ዓመት ሙሉ የተጨበጠ ጡጫ ነው» አለችኝ። ሰውነት አደጋ አለ ሲባል ጡንቻውን ይገትራል፣ አደጋው አላልፍ ሲል ግትሩም አይላላም። ነርቩም እየዋለ እያደረ ስሱ ይሆናል፣ ትንሹ ነገር ያመዋል። ጣቴን የሚያደነዝዘኝም ስደነግጥ ቶሎ ቶሎ ስለምተነፍስ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ማታ ማታ የሚዋጥ መድኃኒት በትንሽ መጠን አዘዘችልኝ፣ በራስህ እንዳታቋርጠው ብላ። ማስታገሻውን በላይ በላዩ መዋጥ አስቆመችኝ። በየቀኑ እንድራመድ፣ እስትንፋሴንም እንዳዘገየው ነገረችኝ። ይሄን የመጨረሻውን እኔ በመቁጠሪያ ያዝኩት። «እግዚኦ» ስል አየር አስገባለሁ፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ስል በዝግታ አወጣለሁ። 41 ጊዜ። ብዙ ጊዜ 41 ሳይሞላ ትከሻዬ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ስለሚያናድደኝ ነው። ወገኖቼ፣ የታመመን ሰው «እምነት ቢኖርህ ትድን ነበር» አትበሉት። እኔ እምነት ነበረኝ። የሚሰማኝ ሰው ነበር ያጣሁት። ደግሞም ጭንቀት ያመጣው ሕመም የውሸት ሕመም አይደለም። የሚያመው ሥጋ ነው።

ዕዳው በሰኔ 2015 አለቀ። ከዚያ በኋላ በአገራችን የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ የታናናሾቼ ድምፅ ለሳምንት ሲጠፋብኝ አንገቴ ቀድሞ ያውቃል። መንጋጋዬ ይጨበጣል። ሌሊት የባነንኩባቸው ወራት ነበሩ። ስለቴን ያዘገየሁትም ለዚህ ነው። ፈጽሞ ይተወኝና፣ ከሥሩ ይነቀልና፣ ያኔ ሙሉ ምስክርነት እሰጣለሁ ብዬ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው እናቴ ደውላ ስናወራ «ለመሆኑ ያን ስለትህን አደረስከው?» አለችኝ። ገና እንዳልዳንኩ ነገርኳት።

«ምን ነበር የተሳልከው?»

«አንዲት ሌሊት ካደርኩ ብዬ።»

«አላደርክም?»

አድሬያለሁ። ጥር 12 ለ13 አጥቢያ፣ ከበሮ እየተመታ፣ እስከ ፀሐይ መውጫ። ከዚያም ወዲህ ቁጥሩን የማላውቀው ሌሊት አድሬያለሁ።

ይኸው እማዬ፣ አደረስኩ።