ገና ስለሚመጣው ጥር 11 ቀን 2030

ዛሬ ልቤ ከብዶኛል። የደብረ ብርሃን ብርድም አላስወጣ ብሎኝ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብያለሁ።

ያቺ የጠባሴዋ ልጅ ናት ያሳዘነችኝ። ለኮዲንግ ውድድር እየተለማመደች ያስገባችው ሁሉ «ሮንግ አንሰር» (መልሱ ስህተት ነው) ሲባልባት፣ «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለችኝ። ኮዷን አየሁት። ሐሳቧ ልክ ነው፤ መንገዱም አጭርና ጥሩ ነው። የጣላት «እባክዎ ቁጥር ያስገቡ» ብሎ የሚያትም አንድ መስመር ነው። ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው የምናስተምራቸው። ለሰው ቢሆን ጨዋነት ነው። ጃጁ፣ ማለትም የውድድሩን መልስ የሚያርመው፣ ግን ሰው አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። የልጅቷ ኮድ ያተመውን ሁሉ ከተዘጋጀው መልስ ጋር ያመሳክራል፤ ያቺ ትሕትናም የመልሱ አካል ሆና ትቆጠራለች።

መስመሩን ስታጠፋው ሌላ መጣ። 100,000 ቁጥሮች ይደመሩ ይላል ጥያቄው፣ እያንዳንዳቸው እስከ 1,000,000,000 የሚደርሱ። ድምሩ 100 ትሪሊዮን ሊገባ ይችላል። ኢንት የሚባለው የተለመደው የቁጥር ማስቀመጫ የሚችለው ግን 2,147,483,647 ድረስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ ኔጌቲቭ ይሆናል። ሰፋ ያለውን ማስቀመጫ፣ ሎንግ ሎንግ ብላ ብትጽፍ ያልቅ ነበር። ሌሎቹም ልጆች እንዲሁ ናቸው፦ ከአንዱ ቴስት ወደ ሌላው ሲያልፉ አሬዩን (ቁጥሮቹ የተደረደሩበትን ማስቀመጫ) አያጸዱም፤ በየመስመሩ ኤንድኤል የሚባለውን ዘገምተኛ የመስመር መዝጊያ እየጻፉ ጊዜው ያልቅባቸዋል። ጃጁ የቱ ጋ እንደተሳሳቱ አይነግራቸውም። ስለዚህ ጥፋቱን ከጭንቅላታቸው ይፈልጋሉ። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሁሉ ከአልጎሪዝም (ከጥያቄ መፍቻ ዘዴ) በፊት መሰጠት አለበት።

ያቺ 2,147,483,647 ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምረው በሰከንድ ነው። ቆጣሪው እንደ ኢንት 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮና የአንድ አሃዞች ብቻ ያሉት ከሆነ እዚያችው ቁጥር ላይ ይሞላል። መቼ እንደሚሞላ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት!

በዚያ ሰዓት እኛ ሚንጃር ኢራንቡቲ በሰው ተጥለቅልቋል። ታቦታቱ ከየአቅጣጫው መጥተው አድረዋል፣ ወጣቱ ሲጨፍር ነግቶበታል። ያልተስተካከለ ሰዓት ደግሞ በቀጣዩዋ ሰከንድ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ይላል። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ ገና ዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን!

አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ወደ 64 ቢት ስለተሻገሩ ብዙም አያሳስቡኝም። የሚያሳስበኝ አንዴ ተገጥሞ የተረሳው ዕቃ ነው። ጤና ጣቢያ ያለ መሣሪያ፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ ከውጭ ተገዝቶ መጥቶ ውስጡን ማንም ያላየው። አንዳንዱ ምንም አይሆንም፤ አንዳንዱ ቀኑ ሲዛባበት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። እሱም ያለው ሩቅ አገር ነው፣ ይሄኔ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል። ታዲያ በየወረዳችን እየዞረ፣ ይሄ ዕቃ ጊዜውን በስንት ቢት ነው የሚቆጥረው ብሎ የሚጠይቅ ማን ይሆን? ተጠይቆስ ማን ይመልስለታል?